ብርዝ የዘነበበት ጥቅምት

ጎንፋ ወታደር የሆነው በጨው ምክንያት ነው። ጣሊያን መቱ በገባ በዓመቱ፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ እንስራ ማር ተሸክሞ ገበያ ሲወጣ ረጅም ሰልፍ አየ። ያን ጊዜ ሰው ለጨው ካልሆነ በቀር ለምንም አይሰለፍም ነበርና ሳይጠይቅ ከኋላ ቆመ። ከፊቱ ያለውም ሳይጠይቅ የቆመ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ተራው ደረሰ፤ እጁን ለጨው ሲዘረጋ ራሱ ላይ ረጅም ቀይ ቆብ ደፉበት፣ የዘረጋውንም እጅ አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አሳረፉለት። ሦስት ዓመት ፈረመ ማለት ነው። ከድቶ የጠፋ ምን እንደሚያገኘው የመቱ ሰው ሁሉ በገበያው ዛፍ ላይ አይቷልና፣ ጎንፋ ማሩን እንኳ ሳይሸጥ ካምፕ ገባ።

በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኑ ቤቱ ደርሶ ነገሩን ለሚስቱ ሲነግራት ዲሪቤ አልጮኸችም። የደጁን መዝጊያ በግማሽ ዘግታ፣ «ስማኝ፣» አለችው። «ዶሪ ወንድሜ ጫካ ከገባ ስድስት ወሩ ነው። ይህን ቀይ ነገር ራስህ ላይ ደፍተህ እዚህ ቤት አትገባም። የዛሬ ሦስት ዓመትም ቢሆን ቆብህን ጥለህ ና፤ ያኔ በሩ በር ነው።»

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። ጎንፋ በሰልፍ ቀን ካምፕ፣ በዕረፍት ቀን ደግሞ የጨውና የቡና ነጋዴው የጋሼ ሙነወር ሱቅ ጓዳ፣ ከጆንያ ጋር ያድር ነበር። እሱ በገባ በአምስተኛው ወር የተወለደችውን ልጁን ዓያንቱን የሚያያት በአጥር ላይ ነው። የወር ጨዉን አጥሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ዲሪቤ ጨዉን ታነሳለች፣ ዕቃውን ጎመን ወይም በሶ ሞልታ እዚያው ትመልሳለች። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስማ። በወታደርነቱ ያገኘው ዝና ይህ ነው፦ በሦስት ዓመት አንድ ጥይት ተኮሰ፤ እሱም ጠመንጃ ሲወለውል በራሱ የወጣ ሲሆን የሞተው የካፒቴኑ ሻይ ማፍያ ብቻ ነው።

ጊዜው ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ካፒቴኑ አስጠራው። በመሐል አስተርጓሚው ነዚፍ ነበር፤ የጎሬ ነጋዴ ልጅ፣ ምላሱ ንጹሕ፣ ፊቱ እንደ ደብተራ መቃብር የማይስቅ።

«ሦስት መንገድ አለህ ይልሃል፣» አለ ነዚፍ። «አንዱ ሁለት ዓመት መጨመር ነው። ባታሊዮኑ በወሩ መጨረሻ ጋምቤላ ይወርዳል፣ እንግሊዝ በዚያ በኩል ይመጣል እየተባለ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ባዶ እጅህን ወደ ቤትህ። የስንብት ወረቀት አለ፣ ጨው የለም።»

ጎንፋ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲፈራት የኖረው ይህችን መንገድ ነው። ቀፎዎቹን ጉንዳን በልቷቸዋል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ባዶ እጁን አንጠልጥሎ የሚገባ ባል በመቱ ምን እንደሚባል ያውቃል።

«ሦስተኛውስ?»

ነዚፍ እርግጠኛ ለመሆን ካፒቴኑን ሁለት ጊዜ ጠየቀው። ከዚያ ወደ ጎንፋ ዞሮ፣ «ዝናብ መለካት፣» አለ።

«ምን መለካት?»

«ዝናብ። የሲቪል ሥራ ነው። ወር በወር ደመወዝና ጨው አለው። በአገራቸው ያሉ ሊቃውንት መቱ ላይ ስንት እንደሚዘንብ ማወቅ ይፈልጋሉ።»

ጎንፋ በመስኮት አየ። ይዘንባል። ትናንትም ዘንቦ ነበር።

«ብዙ ነው በላቸው፣» አለ በቅንነት። «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ብዙ ነው። አባቴም ብዙ ነበር ይል ነበር። ይህን ጽፋችሁ ላኩላቸውና እኔም ልረፍ።»

ነዚፍ ተረጎመ። ካፒቴኑ ጣቱን ወደ ላይ አንስቶ ረጅም ንግግር አደረገ።

«'ብዙ' ቁጥር አይደለም ይላል፣» አለ ነዚፍ በአጭሩ።

ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ጣሳ የሚመስል የመዳብ ነገር፣ አፉ ሰፊ ሆኖ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚወርድ፣ ውስጡ ደግሞ መስመር መስመር የተሰመረበት ብርጭቆ። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆውን ማውጣት፣ ውሃው የደረሰበትን መስመር መዝገብ ላይ መጻፍ፣ መድፋት፣ መመለስ። በቃ። አሥር ቀን ሙከራ ነው፤ ቁጥሩ በየቀኑ በቴሌግራም ይላካል፣ የበላይ መሥሪያ ቤቱን ደስ ካሰኘ ጎንፋ ይፈርማል።

«ቆቡስ?» አለ ጎንፋ። «ሲቪል ከሆንኩ ቆቡ ይቀራል አይደል?»

ካፒቴኑ ነገሩ ሲተረጎምለት ፈገግ አለ። መቀስ አወጣና ከቆቡ ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቁር የሐር ጭራ ቆረጠው። ቆቡን መልሶ ጎንፋ ራስ ላይ ደፋው።

«አሁን ሲቪል ነህ፣» አለ ነዚፍ። «ለሙከራ።»

ጎንፋ ዕቃውን ታቅፎ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሙነወር ሱቅ ሄደ። ጋሼ ሙነወር አስቸጋሪውን ነገር ሁሉ ሚዛን ላይ የሚያወጡ ሰው ናቸው። አምና ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው በርኖስ ተጣልተው ሲመጡባቸው በርኖሱን መዝነው፣ «ለዚች ነው?» ብለው ያስታረቁ ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ የቡና ሚዛናቸውን አወረዱ፤ በአንዱ ሳህን ቆቡን፣ በሌላው ዕቃውን አስቀመጡ። ዕቃው ጠረጴዛውን ነካ።

«ይኸው፣ ዝናቡ ከበደ። ያዘው ሥራውን።»

«ባዶ ነው እኮ ጋሼ።»

«ባዶውን እንዲህ ከከበደ ሲሞላማ አስበው!» አሉና ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። «ቆይ ግን። ለምንድን ነው የሚለኩት?»

«ለማወቅ ነው ይላሉ።»

ጥግ ላይ ጆንያ ተደግፈው የነበሩት ሽማግሌ፣ አባ በዳሳ፣ ከዘራቸውን አንቀሳቀሱ። «ያ ጎንፋ፣ ስማኝማ፤ መሬት ሊለካ ቃላድ የተጣለ ጊዜ አንተ አልተወለድክም። አባቴ መሬታችን ስንት እንደሆነ አያውቅም ነበር። እስኪለካ ድረስ ሁሉም የኛ ነበር። ሲለካ ሲሶው የኛ ሆነ፤ በሲሶውም ላይ ግብር መጣ። መንግሥት ለማወቅ ብሎ የለካው ነገር አይቼ አላውቅም።»

«ዝናብ እኮ ነው አባ። በዝናብ ላይ ግብር ማን ይጥላል?»

«ማነው በመሬት ላይ ይጣላል ብሎ ያሰበው?» አሉ አባ በዳሳ።

ጋሼ ሙነወር ዕቃውን ከሚዛን ላይ እንደ ትኩስ ድስት አነሱት። «ወላሂ፣ በየጣራው ላይ የዘነበው ታስቦ ከሆነ እኔ ቆርቆሮ አለኝ፣ ጠፋሁ!» ከዚያ በኋላ ስለ ሥራው ምክር አልሰጡም።

ዕቃው ዛፍ የሌለበት ሜዳ ይፈልጋል። ጎንፋ በመቱ የሚያውቀው እንዲህ ያለ ሜዳ የራሱን ግቢ ነው። በማግስቱ አጥር ላይ ቆሞ ጠራት።

ዲሪቤ ዓያንቱን አዝላ ወጣች። ጭራ የሌለውን ቆብ አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ምን ሆኖ ነው እሱ?»

«ሲቪል ሆነ።»

«ጭራው የተቆረጠ ውሻ ፍየል ይሆናል እንዴ?»

«ዲሪቤ፣ ማሎ፣ እባክሽ ስሚኝ። ሥራ ነው። ጋምቤላ አልወርድም፣ ማንንም አልተኩስም። ጨውም አለው። ዝናብ ነው የምለካው።»

«ለማን ነው የምትሸጠው?»

«አይሸጥም። ይለካል፣ ይደፋል።»

ዲሪቤ የታመመ ሰው እንደምታይ አየችው። «ዕቃው ይግባ፣» አለች። «ቆቡ አጥር ላይ ይቀራል። አንተ እስከ ዕቃው ድረስ ትገባለህ። ከዕቃው እስከ በሩ ያለው ግን የኔ ነው። ውሳኔህን ስትጨርስ እናየዋለን።»

ጎንፋ ግንድ ቀብሮ ዕቃውን በላዩ አሰረ። ከግንዱ እስከ በሩ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ በዓይኑ ደጋግሞ ለካው። ያን ማታ በጋሼ ሙነወር ጓዳ ተኝቶ ሲያስበው ሥራው መጥፎ አልነበረም። ጨው አለው፣ ቤቱ አጠገብ ነው፤ ቆቡም ቢሆን በዓመት በዓመት ትንሽ ትንሽ እየተቆረጠ ያልቅ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሌሊት ዝናቡ ጣሪያ ሊያነሳ ደረሰ። ጠዋት ጎንፋ በጭቃ እየሰመጠ ሄዶ ቆቡን አጥር ላይ ሰቀለ፣ ብርጭቆውን አወጣ። ደረቅ ነው። ገልብጦ አየው። እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፣ እጁ ረጠበ። ብርጭቆውን ግን አንድ ጠብታ አልነካውም። ካምፕ የተማራት ቁጥር ነበረችና መዝገቡ ላይ ዜሮ ጻፈ። በሁለተኛውም ሌሊት ዘነበ፤ ዜሮ። ሦስተኛው ቀን ጠራ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ጭቃውን ስታደርቅ ዋለች፤ ያን ሌሊት ኮከብ እንኳ ሳይሸፈን አደረ። ጠዋት ብርጭቆው እስከ ዐሥራ ሰባተኛው መስመር ሞልቶ ነበር።

ጎንፋ ብርጭቆውን ይዞ ግቢው መሐል ቆመ። በመቱ ያደገ ሰው ነው፤ ዝናብ አያስገርመውም። ይህኛው ግን አስገረመው። «ዐሥራ ሰባት» ብሎ ጻፈ። የታየውን እንጂ የታሰበውን አትጻፍ ብሎታል ካፒቴኑ፣ ጎንፋም ለጽሑፍ እንግዳ ስለሆነ ይፈራዋል።

እንዲህ ቀጠለ። ሲዘንብ ዜሮ፣ ሲጠራ ሙሉ። አምስተኛው ቀን ደረቅ ነበር፤ ብርጭቆው ሃያ ሁለት ላይ ደረሰ። ጎንፋ ሊደፋው ሲል ንብ መጥታ ጠርዙ ላይ አረፈች። ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

ብርዝ ነው።

ማሩን አወቀው። የገተማ አበባ ነጭ ማር ነው፤ ከሶር ፏፏቴ በላይ፣ እሱ ራሱ ከሰቀላቸው ቀፎዎች። ጉንዳን ያልበላው አንድ ቀርቶ ኖሯል፤ አንድ ሰው በዚያ ገደል ላይ ወጥቶ ቆርጦታል ማለት ነው። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ዲሪቤ ደጃፉ ላይ ስንዴ ትለቅማለች፤ ዓይኗን አላነሳችም።

«እዚህ ዕቃ ውስጥ...» አለ ጎንፋ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ታዲያ መልካም፣» አለች ዲሪቤ። «ደጄ ላይ ባዶ ዕቃ አፉን ከፍቶ ሲያድር መንገደኛ ምን ይለኛል? የዝናቡን ቀን ሰማይ ይሞላዋል ብዬ ተውኩት። ሰማይ ያልሞላውን ቀን ሰው ይሞላዋል። ውሃ ብቻ ማድረግ ደግሞ ለእንግዳ ዕቃ ነውር ነው።»

ጎንፋ ጠጣው። ሃያ ሁለቱንም መስመር። መዝገቡ ላይ «ሃያ ሁለት» ብሎ ጻፈ፤ ከጎኑ ለልዩ ልዩ ነገር የተተወ ባዶ ቦታ ነበርና ካምፕ በተማራት ትንሽ ፊደል «ጣፋጭ» ብሎ ጨመረበት። የታየውንና የተቀመሰውን።

የዝናቡ ቀን ምሥጢር የተገለጠው በስድስተኛው ቀን ነው። ሊነጋጋ ሲል፣ ዶፉ ገና ሳያባራ ደረሰ፤ ጋሼ ሙነወር አንድ እግራቸው አጥሩ ላይ፣ አንድ እግራቸው ግቢው ውስጥ ሆኖ ተሰክተው አገኛቸው። በእጃቸው ቅል ይዘዋል። አባ በዳሳ ከውጭ ሆነው በከዘራቸው ከኋላ ይገፏቸዋል።

«ጋሼ ሙነወር! ምን ያደርጋሉ?»

«ዝም በል አቦ፣ ግብር እየቀነስን ነው!»

«ሌሊት ሌሊት የምትደፉት እናንተ ናችሁ?»

«ተራ አለን፣» አሉ አባ በዳሳ በኩራት። «እዚህ ሰፈር ሥራው በደቦ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ የኔ ነው። አንተ ዜሮ ጻፍ፣ የሚቀረውን ለኛ ተወው።»

«አባ፣ ለግብር አይደለም እኮ! እኔ ሥራዬን ላጣ ነው!»

ጋሼ ሙነወር አጥሩ ላይ እንደተሰኩ አዘኑለት። «ልጄ፣ ሥራህ እንዳይበላሽ አስበን ነው ብርጭቆውን ወልውለን አድርቀን የምንመልስልህ። በደረቁ ቀን የተገኘውንስ አየህ? እሱን ማን እንደሚያደርገው እኛም ገርሞናል። ሰፈራችን ውስጥ የጣሊያን ወዳጅ አለ።»

ከቤቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። የሴት ሳቅ፣ በነጠላ የታፈነ። ጎንፋ ይህን ሳቅ ከሰማው ሦስት ዓመቱ ነው። ጋሼ ሙነወርን ከአጥሩ አላቆ አወረዳቸው። ቢናገርባቸው ሁለቱ ሽማግሌዎች ይታሰራሉ። ባይናገር ቁጥሩ የእብድ ቁጥር ነው። ዜሮ ጻፈ።

በአሥረኛው ቀን ካፒቴኑ ጠራው። ጎንፋ ዘጠነኛውን ሌሊት ሲያስበው ነበር ያደረው፤ በዚያው ሌሊት በወረደው ዶፍ ከካምፑ በታች ያለው የእንጨት ድልድይ ተጠራርጎ ሄዷል፣ የካፒቴኑም መኪና ጭቃ ውስጥ እስከ ፋኖሷ ተቀብራለች። የዚያን ቀን መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ነው። ካፒቴኑ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተቀምጧል። ጎንፋ ቆቡን አውልቆ ቆመ።

ካፒቴኑ ግን ተነስቶ እጁን ጨበጠው።

«ከበላይ መሥሪያ ቤት ቴሌግራም መጣ፣» አለ ነዚፍ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ትንሽ ተሰነጠቀ። «እዚያ ሆነው ገና ሳይመጡ ያዘጋጁት ሠንጠረዥ አላቸው። መቱ በጥቅምት መቼ መዝነብ እንዳለበት የሚናገር። ያንተ ቁጥር ከሠንጠረዡ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። ከዚህ አገር እስካሁን የመጣ ልክ ቁጥር ያንተ ብቻ ነው ይላሉ።»

«ድልድዩስ?» አለ ጎንፋ ሳያስበው።

ነዚፍ ጠየቀ። ካፒቴኑ የጭቃ ጫማውን እያየ መለሰ።

«የተሳሳተው ሰማዩ ነው ይላል።»

ወረቀቱ ወጣ። ቀለሙም። ጎንፋ አውራ ጣቱን ሊዘረጋ ሲል ነዚፍ አንድ ነገር ጨመረ። «እንዲህ ያለ ሰው መቱ ላይ አይባክንም ተብሏል። የባታሊዮኑ ዝናብ ለኪ ሆነህ ጋምቤላ ትወርዳለህ። ሥራው የሲቪል ነው፤ ሲቪሉ ግን ከጦሩ ጋር ይሄዳል። ለመንገዱ ጠመንጃም ይሰጥሃል።»

ካፒቴኑ መሳቢያውን ከፍቶ የተቆረጠውን ጥቁር ጭራ አወጣ፤ መርፌና ክርም አብሮ።

ጎንፋ እጁን ሰበሰበ። «እስከ ከሰዓት ድረስ ላስብበት፣» አለ።

ቤቱ ሲደርስ ቆቡን አጥር ላይ ሰቀለ፣ እስከ ግንዱ ገባ፣ እዚያ ቆመ። ለዲሪቤ ሁሉንም ነገራት። ስትሰማ ጣቷን ዓያንቱ አፍ ውስጥ ከትታ ነበር፤ ልጅቷ ትነክሳታለች፣ እሷ አይሰማትም።

«እምቢ ብል ጨው የለም፣» አለ። «ቀፎ የለም። ባዶዬን ነው የምገባው ዲሪቤ። ሦስት ዓመት ቆይቼ ባዶዬን።»

«እኔ አልወስንልህም፣» አለች። «ጣት ያንተ ነው። ይህ ዕቃ ግን የነሱ ነው አይደል?»

«የነሱ ነው።»

«ብትፈርምም ባትፈርምም አንድ ቀን ይመለሳል። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም።»

ገባችና እንስራ ይዛ ወጣች፤ አሥራ ሁለቱን እርምጃ ራሷ ተራመደችው። ነጩን ማር በብርጭቆው ላይ እስከ መጨረሻው መስመር፣ ከዚያም የመዳቡ ጣሳ እስኪሞላ አፈሰሰች። እንስራው ተራቆተ። ያለው ማር ያ ነበር። ጎንፋ አያት፤ በሶር ገደል ላይ የተቧጨረ ክንዷን አየ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄዶ ቆቡን አነሳና በማሩ ላይ ደፋው። እንደ ክዳን ልክ ሆነ፤ ለዚያ የተሰፋ ይመስል።

እንዳለ ወስዶ በካፒቴኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ምንድን ነው ይህ? ይልሃል፣» አለ ነዚፍ።

«ዕቃችሁ ነው በለው፣» አለ ጎንፋ ለነዚፍ። «ዕቃውም ቆቡም። ዘመኔ ዛሬ አልቋል፤ ሁለተኛውን መንገድ መርጫለሁ። ቁጥሩንም ንገረው፤ ከበላይ ያሉት የሚፈልጉት በደረቅ ቀን የሚወርደውን ዝናብ ከሆነ፣ ከምንጩ ያለው ይህ ነው።»

ነዚፍ ቃል በቃል ተረጎመ። ካፒቴኑ ክዳኑን አነሳ፣ አሸተተ፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ማሩ አፉን ያዘው። ለመቆጣት የሚሆነው ጊዜ በመላስ አለፈ። በመጨረሻ የስንብቱን ወረቀት ገፋለት፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ መስመሩን ቆጠረ፣ እስክሪብቶ አነሳና በአሥረኛው ቀን አንጻር አርባ ብሎ ጻፈ። ሠንጠረዡን አገላብጦ አይቶ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ።

ጎንፋ ሲወጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አናቱ መንገድ ላይ ረጠበ። ሰዎች ከየጣሪያው ሥር ያዩታል፤ ቆብ የለ፣ ጨው የለ፣ በእጁ አንዲት ወረቀት፣ እሷም እየራሰች። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አጥሩ ላይ የሚሰቅለው ነገር ስላጣ እጁ አየር ላይ ቀረ። ግንዱ ድረስ ሄደ። ከዚያ በላይ እግሩ እምቢ አለው።

ዲሪቤ ደጃፉ ላይ ነበረች። «ምን ይዘህ መጣህ?»

«ምንም፣» አለና ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሳያት። ዝናቡ መዳፉን ሞልቶ በጣቶቹ መሐል ይፈስሳል።

«ሞልቷል እኮ፣» አለች ዲሪቤ። «ግባ፣ ሳታፈስሰው።»

አሥራ ሁለቱን እርምጃ መዳፉን እንደያዘ ተራመደ። ደፉን ሲያልፍ ዓያንቱ ጮኸች፤ ይህ የአጥር ሰው ቤት ውስጥ ሲገባ አይታ አታውቅም። ትንሽ እጇን ወደ መዳፉ አግብታ ውሃውን በተነችበት።

በማግስቱ ጎንፋ ግንዱን ነቅሎ ለማገዶ ፈለጠው። ጉድጓዱን ለመድፈን አፈር ፍለጋ ዞር እስኪል ዝናብ ሞላው። ሲመለስ ጋሼ ሙነወር ከአጥሩ በላይ ታጥፈው በቅላቸው ጉድጓዱን እየቀዱ ሲያወጡ አገኛቸው።

«ጋሼ፣ አልቋል እኮ! ዕቃው ተመልሷል!»

«አውቃለሁ፣» አሉ ጋሼ ሙነወር፣ ቅሉን ወደ መንገዱ እየደፉ። «ለማንኛውም ነው።»